ማረሻና ሪአክተር፦ ስለ ኒውክሌር ላቦራቶሪ ሥራ ለጻፋችሁልኝ

ባለፈው እትም አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ብረት እንደማጠና ጠቀስ አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ጎረፈ። ለዛሬ አራቱን መረጥኩ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አራተኛ ዓመት ደርሻለሁ። ኒውክሌር ኢንጂነሪንግ አልተማርኩም። ጓደኞቼ 'አንተ የብረት ሰው ነህ፣ ኒውክሌር ምን አገባህ?' ይሉኛል። እውነት በሩ ለእኔ ዝግ ነው? ሥራውስ በየቀኑ ምን ይመስላል?"

መልስ፦ ዝግ አይደለም። እንዲያውም በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ነው። የአባቴ ማረሻ ሲደንዝ ወደ ባለእጁ ቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። ወናፍ መንፋት እወድ ነበር። ባለእጁ ማረሻውን ያግለዋል፣ መስፍ ላይ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ውሃ ያጠጣዋል። ወዲያው ግን አይሰጠኝም። መልሶ እሳቱ ዳር ያስጠጋውና ቀለሙ እስኪለወጥ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። አንድ ቀን መሸብኝና "ይበቃዋል፣ ስጠኝ" አልኩት። "ውሃ ጠጥቶ ብቻ የወጣ ብረት ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል። አባትህ መልሶ እኔን ነው የሚወቅሰኝ" አለኝ። ቀለሙ ገለባ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊ ሄደ፣ ያኔ ሰጠኝ። መንደሩ ይህን ሰው ቡዳ ነው እያለ ይርቀው ነበር። ትዝ ባለኝ ቁጥር ያመኛል። የመጀመሪያው የማቴሪያል ሳይንስ መምህሬ እሱ ነው።

የሪአክተሩም፣ ዩራኒየም ተሰንጥቆ ሙቀት የሚሰጥበት ምድጃ፣ ጥያቄ ከዚህ አይርቅም። ዩራኒየም እንደሚሰነጠቅ ከ1938 መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ዛሬ ላቦራቶሪዎቹን ሌት ተቀን ከሚያሠሯቸው ጥያቄዎች ትልቁ፣ ዩራኒየሙን አቅፎ የያዘው ብረት ስንት ዓመት ይችላል የሚለው ነው።

ካራምቡላ ቤት ገብተህ ታውቅ ይሆናል። አንዷ ኳስ ሌላዋን ትገፋለች፣ ያቺም ቀጣይዋን። ኒውትሮን፣ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ቅንጣት፣ ብረት ውስጥ ሲገባ እንደዚያ ነው። አንድ አተም ያፈናቅላል፣ የተፈናቀለው ጎረቤቶቹን ይገፋል። በአንድ ኃይለኛ ምት በመቶ የሚቆጠሩ አተሞች ቦታቸውን ይለቃሉ። አብዛኞቹ ዓይን ከመርገብገቡ እጅግ ቀድመው ይመለሳሉ። ጣጣው ያለው ከማይመለሱት ጥቂቶች ላይ ነው። ባዶ የቀሩት ቦታዎች እየተሰባሰቡ ቀዳዳ ይሆናሉ። ቦታ ያጡት አተሞችም ተጠራቅመው ብረቱን ያደርቁታል፣ ማለትም ሲመታ ሳይታጠፍ የሚሰበር ያደርጉታል። ነዳጁ አጠገብ ያለ ስቴንለስ ስቲል በአገልግሎት ዘመኑ ውስጥ እያንዳንዱ አተሙ በአሥር የሚቆጠር ጊዜ ከቦታው ይነሳል። አስበው፣ ይህ ሁሉ ሆኖበት ብረቱ አሁንም ቆሞ መሥራት አለበት!

በ1967 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ ዱንሬይ ከሚባለው ቦታ ሪአክተር የወጣ ስቴንለስ ስቲል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሞልቶ አገኙት። ብረቱ አብጧል። ያንን እብጠት የሚቋቋም ቅይጥ ፍለጋ የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ እንዳንተ የብረት ሰዎች ናቸው።

ነዳጁን ራሱን እንይ። የጣት ጫፍ የምታክል እንክብል ናት። ወርዷ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እንክብሎቹ ከዚርኮኒየም ቅይጥ በተሠራ ረጅም ቱቦ ውስጥ ይደረደራሉ። የቱቦው ግድግዳ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ዚርኮኒየም የተመረጠው ኒውትሮን እምብዛም ስለማይውጥ ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ ሲግል ከእንፋሎት ጋር ይዋሃድና ሃይድሮጅን ያወጣል። በ2011 ፉኩሺማ ላይ የሪአክተር ሕንፃዎቹን ያፈነዳው ይኸው ሃይድሮጅን ነው። ከዚያ ወዲህ ቱቦውን በስሱ ክሮሚየም መቀባት፣ ወይም በሲሊከን ካርባይድ መተካት ትልቅ የምርምር መስክ ሆኗል። ሽፋኑ ይላጣል ወይ? ይሰነጠቃል ወይ? ይህ የፊዚክስ ሊቅ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም።

"አልተማርኩትም" ለሚለው ስጋትህ ሁለት ሰዎችን ልጥቀስልህ። አንዱ ዩጂን ዊግነር ነው። ኒውትሮን የግራፋይትን (ሪአክተር ውስጥ የሚገባ የካርቦን ዓይነት) አተሞች እንደሚያፈናቅል አስቀድሞ በ1942 የተናገረ እሱ ነው። በ1957 እንግሊዝ ዊንድስኬል ላይ የተነሳው እሳት የጀመረው፣ በዚሁ ምክንያት ግራፋይቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ጉልበት ለማስወጣት ሲያሞቁት ነው። ዊግነር በ1963 በፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ግን ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው።

ሁለተኛው ጄ. ኧርነስት ዊልኪንስ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ13 ዓመቱ፣ በሒሳብ ዶክትሬቱን የያዘው በ19 ዓመቱ ነው። በ1944 የኒውክሌር ምርምር ቡድኑ ወደ ኦክ ሪጅ፣ ቴነሲ ሲዛወር እሱ መሄድ አልቻለም። ያኔ እዚያ በሕግ የተደነገገ የዘር መድልዎ ነበር። እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ጋማ ጨረራ በመከላከያ ግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ያሰላው ስሌት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ዶክትሬቱን ይዞ፣ ኢንጂነሮቹን በደንብ ልግባባቸው ብሎ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገባና በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ በ1957፣ ማስተርስ በ1960 ወሰደ። በኋላ የአሜሪካ ኒውክሌር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። መንገዱ ከየትም ይጀምራል የምልህ እነዚህን ይዤ ነው።

ወደ ዕለት ሥራው ልምጣ። ቻርፒ የሚባል ፍተሻ አለ። ናሙናው 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቁራጭ ነው። መሃሉ ላይ 2 ሚሊሜትር የጠለቀ የቪ ቅርጽ ቁርጥ አለው። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ከባድ መዶሻ ከላይ ይለቀቅና በአንድ ምት ይሰብረዋል። መዶሻው ከሰበረው በኋላ ወዲያ ማዶ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ታያለህ። ብዙ ከፍ ካለ ብረቱ ብዙ አልታገለውም ማለት ነው። ስባሪውን አንስተህ ፊቱን ታያለህ። ጤነኛ ብረት እንደተቀደደ ጨርቅ ግራጫና ሻካራ ነው። የደረቀው ደግሞ እንደ አሞሌ ስባሪ ያብለጨልጫል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ኒውትሮን ያረፈበት ብረት ግን ድሮ በማይሰበርበት ሙቀት ላይ መሰበር ይጀምራል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያንኪ ሮው የሚባል ጣቢያ ነበር። ሥራ በጀመረ በሠላሳ ዓመቱ አካባቢ፣ በ1991 ቆሞ ሳይመለስ ቀረ። ከምክንያቶቹ ዋናው የሪአክተሩ ጋን፣ ማለትም ነዳጁን የያዘው ትልቁ የብረት ዕቃ፣ ምን ያህል እንደደረቀ እርግጠኛ መሆን አለመቻሉ ነው። አንድ ጣቢያ በእነዚህ ትናንሽ ቁራጮች ጉዳይ ይዘጋል።

የፒኤችዲ ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገርህ። ጨረራ ያልነካው የመነጻጸሪያ ብረት ተሰጠኝ። የሪአክተር ጋን ሲሠራ ከዋናው የብረት ሰሌዳ ተቆርጦ ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠ ነው። አሥራ ሁለት ናሙና ብቻ ነበር። ሲያልቅ አለቀ፣ ሌላ የለም። ናሙናው ከቀዝቃዛው ፈሳሽ ከወጣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ መሰበር አለበት። ስድስተኛው ላይ ጉጠቱ አንሸራተተኝ። ሳስተካክል ጊዜው አለፈ። መዶሻውን ለቀቅኩት። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ከሌሎቹ ጋር የሚገጥም ቁጥር ነው፣ ክፍሉ ውስጥም ብቻዬን ነበርኩ። ደብተሬን ይዤ ምናልባት አሥር ደቂቃ ቆምኩ። በመጨረሻ "ዘግይቷል፣ አይቆጠርም" ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ጋ ሄጄ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ደብተሩን አየና "ከአሁን በኋላ ናሙናዎቹን ብቻህን መስበር ትችላለህ" አለኝ። ዛሬ ወጣት ሠራተኛ ስመርጥ ጂፒኤውን ካየሁ በኋላ "ያበላሸኸውን ናሙና ንገረኝ" የምለው ለዚህ ነው። የለኝም የሚል ሰው ያሳስበኛል።

አብዛኛው ቀን ግን መዶሻ የለውም። ናሙና በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ትፈትጋለህ። የደኅንነት ሥልጠና ትወስዳለህ። ፎርም ትሞላለህ። ትጠብቃለህ። የኦክ ሪጁ ትልቅ የምርምር ሪአክተር ከ1965፣ የአይዳሆው ደግሞ ከ1967 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው። ናሙናህ እነሱ ውስጥ ለወራት ወይም ለዓመታት ይቀመጣል። ወጥቶም ጨረራው እስኪበርድ ይጠበቃል። ችኩል ሰው ይቸገራል። ለዚህም ነው ብዙዎች ኒውትሮኑን በአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አተም) ጨረር የሚተኩት። ዓመታት የሚፈጀው ጉዳት በቀናት ውስጥ ይመጣል። ግን አዮን ብረቱን የሚጎዳው ከላይ ከላይ ነው፣ እንደ ኒውትሮን ጠልቆ አይገባም። ሁለቱን ማስታረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አሁን ካለህበት ሆነህ ምን ታደርጋለህ? ላምፕስ (LAMMPS) የሚባል፣ የአተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ሳንዲያ ከሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የወጣ ነው፣ በነፃ ይገኛል። ላፕቶፕህ ላይ ጫነው። ጥቂት ሺህ የብረት አተሞች ደርድርና አንዱን በኃይል ምታው። ያልኩህን ካራምቡላ በዓይንህ ታየዋለህ። ያንን የመመረቂያ ሥራህ ብታደርገው፣ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ኢሜይልህን ከፍቶ የሚያነብበት ምክንያት ይሆናል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማር። የዩኒቨርሲቲህ ወርክሾፕ ውስጥ ናሙና መፈተግና በአሲድ እየነካህ የብረቱን ውስጣዊ አሠራር ማሳየት ልመድ። ለጓደኞችህም ሪአክተር ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ብረት ነው በላቸው።

ጥያቄ፦ "ወንድሜ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ለሰመር ሪአክተር ያለበት ላቦራቶሪ ውስጥ 10 ሳምንት እንድትሠራ ተቀበሏት። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ትዳር ይዛ ትወልዳለች። ጨረራው ቢያመክንብኝስ? 'እማዬ አታስቢ' ትለኛለች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?"

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎን ቤቴ ውስጥ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ልጃችንን አርግዛ ሳለች ልብሴን ለብቻው ታጥብ ነበር። አልከለከልኳትም። አንድ ቀን ግን ቁጭ ብለን አወራን። ጨረራ ያለበት ክፍል ስገባ የምለብሰው ልብስ የላቦራቶሪው ነው፣ ከዚያ አይወጣም። ስወጣ እጄንና እግሬን የሚፈትሽ መሣሪያ ላይ እቆማለሁ። ምንም ነገር ይዤ ከሆነ ይጮሃል፣ በሩን አላልፍም። ይህን ስነግራት ልብሶቹን ቀላቀለች።

አሁን በቁጥር ልንገርዎት። የጨረራ መጠን የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው። ምንም ሳይሠራ ቤቱ የተቀመጠ አሜሪካ የሚኖር ሰው በዓመት በአማካይ 6.2 ያህል ያገኛል። ግማሹ ገደማ ከሕክምና ምርመራ ነው፣ ሌላው በአብዛኛው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ። የደረት ሲቲ ስካን አንድ ጊዜ 6 ወይም 7 ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በጨረራ ለሚሠራ ሰው የሕጉ ጣሪያ በዓመት 50 ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን ደግሞ የአምስት ዓመት አማካዩ ከ20 እንዳይበልጥ ይመክራል። ላቦራቶሪዎች የራሳቸውን ጣሪያ ከሕጉ ዝቅ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ሴትን የሚያመክነው መጠን በሺዎች የሚቆጠር ሚሊሲቨርት ነው፣ ያውም በአጭር ጊዜ ማኅፀን አካባቢ ሲያርፍ። ልጅዎ የምትሄድበት ሥራና ይህ መጠን አንድ ላይ የሚነሱ አይደሉም።

ደረቷ ላይ ዶዚሜትር የምትባል ትንሽ ባጅ ታደርጋለች። ያገኘችው ጨረራ በስሟ ይመዘገባል። መዝገቡን የማየት መብት አላት። የሰመር ተማሪዎች በብዛት የሚሠሩት ኮምፒውተር ላይ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ፣ ጨረራ ባልነካው ናሙና ላይ ነው።

ወደፊት ሥራዋ ሆኖ ብታረግዝስ? ሕጉ አስቦበታል። እርጉዝ መሆኗን በጽሑፍ ካሳወቀች ለፅንሱ የሚፈቀደው ጣሪያ በእርግዝናው ሙሉ ጊዜ 5 ብቻ ይሆናል። ማሳወቅ አለማሳወቅ የእሷ ውሳኔ ነው፣ ማንም አያስገድዳትም። ከእናት መስማቷ ጥሩ ስለሆነ ይህን ይንገሯት።

እና ልከልክላት ወይ ላሉኝ፣ እባክዎን አይከልክሏት። ይልቅ ስትሄድ ሁለት ነገር አደራ ይበሏት። ያልገባትን ሥራ "ገባኝ" ብላ እንዳትጀምር። ባጇን ደግሞ ረስታ አንድም ቀን እንዳትገባ። የሚጎዳው ሰው የሚሰለቸው ሰው ነው። እናቷ ስታሳስባት ደግሞ ትሰማለች።

ጥያቄ፦ "አዲስ አበባ በፊዚክስ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። በኒውክሌር ማቴሪያል መቀጠል እፈልጋለሁ። ሴት ነኝ። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ዜጋ ያልሆነ አይቀጥሩም ሲባል እሰማለሁ። አገራችንም የኒውክሌር ጣቢያ ልትገነባ ነው ይባላል። ወጥቼ ብማር ስመለስ ሥራ አገኛለሁ?"

መልስ፦ የሰማሽው ግማሹ እውነት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ቦታዎች ዜግነት ይፈልጋሉ። መንግሥት የሚደጉመው የሰመር ኢንተርንሺፕም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ይላል። ብዙዎቹ የፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ቦታዎች ግን ለውጭ ዜጋ ክፍት ናቸው። ያንን አልፈው ቋሚ ሠራተኛ የሆኑ ብዙ አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስታነቢ መጀመሪያ የታችኛውን መስመር አንብቢ፣ የዜግነቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የተጻፈው። ከማይሆን ማመልከቻ ጋር አንድ ወር አታባክኚ። ዋናው መንገድ አሁንም ፒኤችዲ ነው፣ አማካሪሽ ከላቦራቶሪ ጋር የሚሠራ ከሆነ ናሙናሽን ይዘሽ ገብተሽ ትሠሪያለሽ።

ሴት መሆንሽን ስለነገርሽኝ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ2020 ጀምሮ በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም የሴቶች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በኒውክሌር ነክ ትምህርት ለማስተርስ ነው። ለትምህርት ክፍያ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ፣ ለኑሮ እስከ 10,000 ዩሮ፣ እስከ ሁለት ዓመት ይሸፍናል። ልምምድ ቦታም ያመቻቻል። አንቺ ማስተርስ ልትጨርሺ ስለሆነ ሁለተኛ ማስተርስ ለመጀመር ካላሰብሽ ላይመችሽ ይችላል። ለታናናሾችሽ ግን ንገሪያቸው። ዕድሉን ሳይሰሙ የሚያልፋቸው ልጆች ያንገበግቡኛል።

ስለ አገራችን። በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ሞስኮ ላይ ለኒውክሌር ጣቢያ ልማት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ይህ ዕቅድ ነው፣ ገና ጣቢያ አይደለም። ኤጀንሲው ለጀማሪ አገር የሚሰጠው ግምት ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ሥራ መጀመር ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። አንቺ ፒኤችዲ ጨርሰሽ፣ የጥቂት ዓመት ልምድ ይዘሽ የምትደርሺው ታዲያ በዚያው ጊዜ አይደለም? ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የሚያስፈልጉት ደግሞ ተቆጣጣሪዎች፣ የብየዳ መርማሪዎች፣ "ይህን ብረት አልቀበልም" ብሎ መፈረም የሚችል ሰው ናቸው። ያ ሰው ከሌለ ሌላው ቢቀር ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። አጥብቄ ነው የምለው።

ጣቢያው ባይመጣም ሥራው አገር ቤት አለ። ጥቁር አንበሳ የካንሰር ሕክምና በጨረራ ይሰጣል። ቃሊቲ ላይ ገንዲ የሚያስተላልፈውን የጼጼ ዝንብ ያራቡና ወንዶቹን በጨረራ ያመክኗቸዋል፣ ሲለቀቁ ሴቶቹ ዘር እንዳያፈሩ። ከብቶቹ በገንዲ ያለቁበት ገበሬ ስለ አተም ምንም ላያውቅ ይችላል፣ ግን አተሙ እየሠራለት ነው። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እንደሆነ ሳስብ፣ ከባዶ አንነሳም እላለሁ።

ጥያቄ፦ "ሰላም ጋሼ። አትላንታ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 38 ነው። አገር ቤት በስኳር ፋብሪካ ውስጥ 9 ዓመት የቦይለር ቱቦ በይጃለሁ፣ አርጎን ብየዳ ጭምር። እዚህ ግን ኡበር እነዳለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነቴን ዘንድሮ አገኛለሁ። ፒኤችዲ ለእኔ አይሆንም። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ የእጅ ሰው ቦታ አለው?"

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ብየዳና ሪአክተር ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ ልንገርህ። ከላይ ለተማሪው የጻፍኩትን የሪአክተር ጋን መድረቅ አንብበው። በቀደሙት ጋኖች ቶሎ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ ሰሌዳው አልነበረም፣ ብየዳው ነው። ለምን? የብየዳው ሽቦ እንዳይዝግ በመዳብ ይለበጥ ነበር። መዳቡ ከብየዳው ጋር ቀለጠና ውስጡ ቀረ። ኒውትሮኑ ሲያርፍበት መዳቡ እየተቋጠረ ብረቱን አደረቀው። አየህ፣ ከዝገት ለመከላከል የተደረገ የአንድ ወርክሾፕ ውሳኔ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሳይንቲስቶች ራስ ምታት ሆነ። ሽቦ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ስብሰባው ላይ ሲኖር ውይይቱ ይለወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ለዓመታት ኒውትሮን ያረፈበት ስቴንለስ ስቲል ውስጡ ሂሊየም የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። እሱን ልጠግን ብለህ ስትበይደው ሙቀቱ ሂሊየሙን ይሰበስበውና ብየዳው ዳር ይሰነጠቃል። ኦክ ሪጅ ውስጥ ይህን ለማሸነፍ ሲሉ በወፍራም መከላከያ ውስጥ፣ በሌዘርና በሰበቃ፣ ከሩቅ እየመሩ ይበይዳሉ። እዚያ የአንተ ዓይን ዋጋ አለው።

ሆት ሴል የሚባለውን ክፍል ልግለጽልህ። በጣም ጨረራ ያለው ናሙና የሚቆረጠውና የሚለካው እዚያ ነው። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ የሚሄድ ኮንክሪት ነው። መስኮቱ እርሳስ የተቀላቀለበት ወፍራም መስታወት ነው፣ ወደ ውስጥ ስታይ ሁሉ ነገር ቢጫ ቢጫ ይላል። አንተ ውጭ ቆመህ ሁለት እጀታ ትይዛለህ። ውስጥ ያሉት ሁለት የብረት ክንዶች የእጅህን እንቅስቃሴ ይከተላሉ። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ብሎን ውስጥ ዳዶ እንዳስገባ ተሰጠኝ። ከወንዝ ማዶ ሆኖ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው። ጠዋት ጀምሬ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አጠገቤ ያለው ኦፕሬተር በወጣትነቱ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ ዲግሪ የለውም። ተቀበለኝና ሳያወራ በአንድ ደቂቃ አስገባት። ለዓመታት የለፋሁባቸው ናሙናዎች በእሱ እጅ ነው የሚያልፉት። ጽሑፎቼ ላይ ስሙን ከእኔ ጋር አሰፍራለሁ፣ ይገባዋልና።

ስለዚህ መልሴ አዎ ነው። አንተ ያለህበት አካባቢ ደግሞ ጥሩ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ቮግትል የሚባለው ጣቢያ ሁለት አዳዲስ ሪአክተሮች በ2023 እና በ2024 ሥራ አስጀምሯል። ድንበሩን ተሻግረህ ሳውዝ ካሮላይና ስትገባ የሳቫና ሪቨር ብሔራዊ ላቦራቶሪ አለ። እዚያው ኤይከን አካባቢ ያለው የቴክኒክ ኮሌጅ የጨረራ ጥበቃ ቴክኒሻኖችን ያሠለጥናል። የጨረራ ጥበቃ ቴክኒሻን ማለት እኔ ሳይንቲስቱ ክፍል ልግባ ስል "ቆይ፣ ልለካው" የሚለኝ ሰው ነው። እሱ "አትገባም" ካለ አልገባም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርገው። ዜግነትህ እስኪያልቅ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። አሁኑኑ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበርን ፈተና ውሰድ፣ የአገር ቤት 9 ዓመትህን ወረቀት አያውቀውምና። ፈተናው በእጅ ነው፣ በያጅ ለሆነ ሰው አያስፈራም። የዜግነት ወረቀትህ ሲመጣ ላቦራቶሪዎቹ ውስጥ ለቴክኒሻን፣ ለሆት ሴል ኦፕሬተር፣ ለወርክሾፕ መካኒክ የሚወጡ ቦታዎችን ተከታተል። የጀርባ ታሪክ ማጣራቱ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ኡበሩን ቶሎ አትተው። የኖርክባቸውን አድራሻዎች ሁሉ ከነቀናቸው ይጠይቁሃል፣ ከወዲሁ ጽፈህ አስቀምጥ። ዕድሜ ያልከው ነገር አያሳስብህ። አብረውኝ ከሚሠሩት ኦፕሬተሮች ግማሾቹ ከአርባ በኋላ የመጡ ናቸው።

ሲቪህን በአማርኛም ቢሆን ጽፈህ በመጽሔቱ በኩል ላክልኝ፣ እንግሊዝኛውን አብረን እናስተካክለዋለን። "በያጅ ነበርኩ" ብለህ እንዳታልፈው። የትኛውን ብረት፣ ስንት ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቱቦው ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ፣ በምን ሽቦ፣ የግፊት ፍተሻውን ስንቱ አለፈ። ስንቱ እንዳፈሰሰም ጻፍልኝ።